«ፀባይዋ ነው፤ ልመጂያት!»

በእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ላይ ስለ ባል ፀባይ፣ ስለ ሚስት ፀባይ፣ ስለ አማት ፀባይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መኪና ፀባይ ነው። «መኪና ደግሞ ምን ፀባይ አላት?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም «አላት» የሚል ሰው ፊት ለፊት እስኪገጥመኝ ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ።

መቼም አንዲት ሴት በትዳሯ ተማርራ ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ የሚሰጣት መልስ የታወቀ ነው። «ፀባዩ ነው ልጄ፣ ቻይው!» ያመሻል? ፀባዩ ነው። ደሞዙን መጠጥ ቤት ይጨርሳል? ፀባዩ ነው። እጁን ያነሳል? አይ እንግዲህ፣ ቢቆጣም ልቡ ደግ ነው፤ ፀባዩ ነው! ልብ በሉ! ጥፋት የነበረው ነገር «ፀባይ» የሚል የክርስትና ስም ሲወጣለት ጥፋተኛው በነጻ ይሰናበታል። መቻሉ ደግሞ የእሷ ሥራ ይሆናል።

ይህችን ዘዴ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቋት ይመስለኝ ነበር። ለካ የመኪና አምራቾችና ወኪሎቻቸውም አሳምረው ተክነውባታል!

ሙሽራዋ ስትመጣ

እኔና ባለቤቴ መኪናዋን የገዛናት በ2013 ዓ.ም ነው። ከሁለት እቁብ፣ ከእሱ መሥሪያ ቤት ብድርና ለክፉ ቀን ብለን ካስቀመጥናት ጥሪት ተጨማምሮ ማለት ነው። ያገለገለች አይደለችም። ከወኪሉ ግቢ የወጣች፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ያልተገፈፈ አዲስ! እናቴ ቡና አፍልታ ፈንድሻ በተነችባት። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ መጣ። ባለቤቴ ለሳምንት ያህል ሌሊት እየተነሳ በመስኮት ሲያያት ነበር። ቅናት ቢጤ እንደሸነቆጠኝ አልደብቃችሁም።

ማርኳን አልነግራችሁም። የወኪሉንም ስም እንዲሁ። በዚህ ገጽ የሰው ስም እንደማይጠራው ሁሉ የእሷንም ገበና በስሟ አላወጣም። ይህን ያህል ግን ልንገራችሁ። አውቶማቲክ ናት፤ ግን እንደ ድሮዎቹ አውቶማቲክ አይደለችም። ካምቢዮዋ ውስጥ ሁለት ፍሪሲዮን አለ፤ እየያዘና እየለቀቀ ማርሽ የሚቀይረው ኮምፒውተር ነው። ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ማርሽ ቶሎ ትቀይራለች ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራችው። ችግሩ የእሷ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የተነከረ አለመሆኑ ነው፤ ደረቅ ነው። ባዶ አስፋልት ላይ ስትፈስ ምንም አይላት። ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም ሲበዛ ግን ፍሪሲዮኑ ይግላል። ሲግል ይንቀጠቀጣል፣ ይንሸራተታል። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሄድ ቆም ነው፤ ያውም ዳገት ላይ!

በስምንተኛው ወር አካባቢ አንድ ጠዋት ከቀበና ድልድይ ዳገቱን ስወጣ፣ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ልክ ማርሹ ፎሌ ላይ እንዳለ ሁሉ ባዶዋን ታጓራለች። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላዬ ሚኒባስ አለ። የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ የሦስት ዓመት ልጄ ተቀምጣለች። የእግር ፍሬኑንም የእጅ ፍሬኑንም አንድ ላይ ያዝኩና አቆምኳት። ሚኒባሱ ሊነካን ምን ቀረው! ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «እናት፣ መንጃ ፈቃዱን በስንት ገዛሽው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«አነዳድሽ ነው!»

በማግስቱ ወኪሉ ጋራዥ ሄድኩ። የጥገና ኃላፊው በደንብ የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው።

«ማነው የሚነዳት?»

«እኔ ነኝ።»

«እእ…» አለ። ያቺ «እእ» ስንት ነገር እንደያዘች ሴት የሆነ ሁሉ ያውቃታል። «እህቴ፣ ዳገት ላይ እግርሽን ፍሬኑ ላይ ታሳርፊያለሽ ማለት ነው። አነዳድሽ ነው። ለማንኛውም እናየዋለን።»

ኮምፒውተር ሰኩባት፣ አንድ ሰዓት አቆሟት፣ «ምንም የለባትም» ብለው መለሱልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። አሁን ባለቤቴ ይዟት ሄደ። «ሚስትህ ናት የምትነዳት?» ብለው እሱንም ጠየቁት። ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ያን ጊዜ ነው ኃላፊው ፈገግ ብሎ ያቺን የሽማግሌ ቃል የወረወራት፦ «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አያሳይም። የዚህ ሞዴል ፀባይዋ ነው፤ ልመጂያት!»

ይታያችሁ እንግዲህ! ልጅ ጭና ዳገት ላይ ወደ ኋላ የምትንሸራተት መኪና «ፀባይዋ ነው»!

ከዚህ ሁሉ የባሰኝ ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ መግባቱ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሆኖም የባለሙያ ቃል ከባድ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ «እውነት ግን እግርሽን ፍሬን ላይ ታደርጊያለሽ እንዴ?» አለኝ። ሌላ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ እግሬን እግሬን ሲያይ ያዝኩት። ለአሥር ዓመት የነዳሁ ሰው ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ዳገት ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ልጄን ይዤ መውጣት ተውኩ። ትዳራችን ውስጥ ጣውንት የገባች ነው የሚመስለው፤ የምትጣላው እሷ፣ የምወቀሰው እኔ!

ይህ ሁሉ የቆመው አንድ እሁድ ባለቤቴ ብቻውን ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ነው። ቤት ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ውሃ ጠጣ፣ ቁጭ አለ፣ ከዚያ «ይቅርታ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ሌላ ቃል አልጠየቅኩትም።

ሰባተኛዋ

ወኪሉን ትተን ልደታ አካባቢ ያለ አንድ የግል መካኒክ ዘንድ ሄድን። ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት «ይቺ ሰባተኛዋ ናት» አለን። ሰባቱም ያው ሞዴል፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው ዳገት! በእሱ በኩል የሌሎቹን ባለቤቶች ስልክ አገኘን፤ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ አሥራ አንድ ሞላን። ሀያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ተቀጣጥረን ተገናኘን።

እዚያ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፤ ለእሳቸው «ዕድሜዎ ነው፣ እግርዎ ይዘገያል» ተብለዋል። ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ አለ፤ ለእሱ «ታስጮሃታለህ፣ ጎረምሳ ነህ» ተብሏል። ታክሲ የሚሠራበት ሰው አለ፤ «ብዙ ትሠራባታለህ» ተብሏል። መድኃኒት ቤት ያላት እህት አለች፤ «ብዙ ታቆሚያታለሽ» ተብላለች። ለእኔ ምን እንደተባልኩ ታውቃላችሁ። በሽታው አንድ፣ ሰበቡ ግን እንደየሰዉ የተሰፋ! መጀመሪያ ተያይተን ሳቅን። ቀጥሎ ሁላችንም ዝም አልን። ለካ ለወራት እያንዳንዳችን ብቻችንን ስናፍር ነበር።

ከሁሉ የሚያበግነው የመጣው በኋላ ነው። ከወኪሉ ሠራተኞች አንዱ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ግቢው በር ላይ ጠብቆ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ። ስለዚች ካምቢዮ ፋብሪካው የላከው ወረቀት እኛ ጋ አለ። የሚቀየረው ዕቃ ምን እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል። የሚቀየረው ግን ለጠየቀ ሳይሆን ለጮኸ ነው።»

ያውቃሉ! «አነዳድሽ ነው» ሲሉኝ ያውቃሉ። ባለቤቴ እግሬን እግሬን ሲያይ እነሱ ያውቃሉ። መኪና ይበላሻል፤ የሰው እጅ ሥራ ነውና በመበላሸቱ ብቻ ማንም አይወቀስም። እያወቁ ጥፋቱን በሰው ላይ መለጠፍ ግን ብልሽት አይደለም፤ በደል ነው።

የታላላቆቹ ገበና

«ይህ የእኛ አገር ወኪል ጉድ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ሠለጠነ የሚባለው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም።

የእኔ መኪና ፎርድ አይደለችም። የፎርድ ታሪክ ግን የእኔን ቁርጥ ነው። ፎርድ «ፎከስ» እና «ፊየስታ» በተባሉ ሞዴሎቹ ላይ እንዲሁ ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ገጠመ። መኪኖቹ ተንቀጠቀጡ። አውስትራሊያ ውስጥ ባለቤቶቹ ሲያመለክቱ ኩባንያው ችግሩ የካምቢዮው መሆኑን እያወቀ ለብዙዎቹ «የአነዳዳችሁ ውጤት ነው» ይላቸው ነበር። የአገሪቱ የሸማቾች ጉዳይ ተቆጣጣሪ ፍርድ ቤት ገተረው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። ከጥፋቶቹ አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? ተማርረው መኪናቸውን የመለሱ ሰዎች መኪኖች ችግራቸው ሳይነገር ለሌላ ገዢ እንዲተላለፉ መደረጉ! ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጀነራል ሞተርስ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለው። «ኮባልት» በተባለችውና በመሰሎቿ ላይ የቁልፍ ማስገቢያው ልል ነበር። ቁልፉ ላይ ከበድ ያለ ነገር ከተንጠለጠለ ወይም ጉልበት ከነካው መኪናዋ እየሄደች ሞተሩ ይጠፋል። መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይጠነክራል፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢትም አይነፋም። መሐንዲሶቹ ችግሩን ያወቁት ገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሻጮች የተላለፈው ምክር ምን ይላል? «ደንበኞች ቁልፋቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ከባድ ነገር ይቀንሱ» ይላል! ጥፋቱ የቁልፍ መያዣው ሆነ እኮ! በኋላ ዕቃው በዝምታ ተሻሻለ፤ ግን የዕቃው ቁጥር እንኳ አልተቀየረም። መኪኖቹ ተመልሰው የተጠሩት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ኩባንያው ራሱ ያቋቋመው የካሣ ፈንድ ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ሞት ነው ብሎ የተቀበለው 124 ሰው ነው። አንድ መቶ ሃያ አራት!

እኛም ብንሆን ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ላይ አንድ ቦይንግ 737 ማክስ ወደቀ። በመጋቢት 2019 ደግሞ የእኛው በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። በሁለቱ 346 ሰዎች አለቁ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው አሠራር እንዳለ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ እየታወቀ አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ያኔም ከወዲያ ማዶ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ አልጠፉም። «አነዳድሽ ነው» የምትለዋ ቃል ሰማይ ላይም ትሠራለች ማለት ነው። ልባችን የቆሰለው በሞቱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያችም ቃል ጭምር ነው።

ሎሚ ወዲህ፣ ሎሚ ወዲያ

በእኛ ባህል በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለወደዷት ቆንጆ ነው። አሜሪካኖች ግን «ሎሚ» የሚሉት ተገዝታ ጉድ የሠራችን መኪና ነው። ስሙ እስከ ሕግ ዘልቋል። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከኮነቲከት ተነስቶ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች የተዛመተ «የሎሚ ሕግ» አላቸው። አዲስ መኪና ገዝታችሁ በዋስትናው ጊዜ ለዚያው ከባድ ችግር ደጋግማችሁ ጋራዥ ከተመላለሳችሁና ካልተስተካከለች፣ አምራቹ ወይ ይቀይርላችኋል ወይ ገንዘባችሁን ይመልሳል። «ፀባይዋ ነው» የለም!

እኛስ? «ምንም የለንም» የምትሉ ተሳስታችኋል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ድብቅ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ ውል ላይ ቢጽፍ እንኳ አያድነውም። ችግራችን ሕጉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እኛ ካፌ ውስጥ ማማታችን ነው።

አሥራ አንዳችን ግን ማማቱን ትተን ደብዳቤ ጻፍን። የእያንዳንዳችን የሻንሲ ቁጥር፣ ጋራዥ የሄድንበት ቀን፣ የተሰጠን መልስ ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ሆነ። ጡረተኛው አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። አንድ ቀን ጠዋት በጋራ ሄደን፣ ግልባጩ ላይ ማህተም አስመትተን አስረከብን። የጥገና ኃላፊው አሥራ አንድ ሰው አንድ ላይ ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ያን ቀን «ፀባይዋ ነው» ለማለት ማንም አልደፈረም።

ውጤቱ? ዋስትናችን ላላለቀው ስምንታችን ፍሪሲዮኑ በነጻ ተቀየረ። ያለቀባቸው ሦስቱ ግማሽ ክፈሉ ተባሉ። ድል ነው ብለን ኬክ ቆረስን። የእኔዋ አምስት ወር እንደ ቅቤ ሄደች። በስድስተኛው ወር ያቺ መንቀጥቀጥ ተመለሰች። ዋስትናው ደግሞ ያኔ አልቋል። ለካ የተቀየረው ያንኑ ዓይነት ዕቃ ነው።

ደላላው መጣ

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልውሰዳችሁ። 2016 ዓ.ም ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እጃችን ላይ ያሉት መኪኖች ዋጋ ሰማይ ወጣ። ደላላ ቤታችን ድረስ መጣ። «በጠዋት አሳዩዋት፤ ሞተሯ ሳይሞቅ ምንም አታሳይም። መሞከሪያው ሜዳ መንገድ ይሁን። ስለ ካምቢዮው ትንፍሽ እንዳትሉ! ከገዛችሁበት እጥፍ እሸጥላችኋለሁ» አለን። አራዳ ማለት እንዲህ ነው!

ገዢ ይዞ መጣ። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። በስልክ በሚጠራው ታክሲ ሊሠራባት ነው። እናቱ አብረውት መጥተዋል፤ ግማሹ ገንዘብ የእሳቸው ነው። መኪናዋን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ስታምር! የልጆቼ ዳቦ ትሁን» አሉ።

እኔና ባለቤቴ ጓዳ ገብተን ተከራከርን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፤ ግን የምር ክርክር ነው።

«እኛን ማን ነገረን?» አለ።

«ማንም ስላልነገረን እኮ ነው ሦስት ዓመት የተቃጠልነው።»

«የባንክ ዕዳ አለብን። የልጅ ትምህርት ቤት አለ። ፋብሪካው ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍራለን?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ዕዳው የእኛ ነው። ፋብሪካው እዚያ ማዶ ሆኖ ትርፉን ቆጥሯል። ግን ያ ልጅ ዳገት ላይ ሲንሸራተት ታየኝ። ተሳፋሪው «መንጃ ፈቃዱን በስንት ገዛኸው?» ሲለው ታየኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ካውስትራሊያው ኩባንያ በምን እሻላለሁ? እሱም የተመለሱለትን መኪኖች ዝም ብሎ ነው ያሳለፋቸው። የታወቀ ጉድለት በዝምታ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ዝም ያለ ሰው የፋብሪካው ወኪል ይሆናል። ያውም ያለ ደሞዝ!

ወጣሁና ነገርኳቸው። ካምቢዮው ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት ጊዜ እንደተሠራ፣ ወረቀቶቹን ሳይቀር ዘርግቼ አሳየሁ። ልጁ አመድ መሰለ። እናቱ ግን ግንባሬን ሳሙኝና «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ደላላው «ፋራ!» ብሎኝ በሩን ወርውሮ ወጣ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

መኪናዋን በመጨረሻ የገዛት ካምቢዮ እየፈታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ችግሯን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ። ያገኘነው ደላላው ከነገረን ዋጋ ሲሶው ያህል ጎድሎ ነው። ዕዳውን ከፈልንበት፤ ከዚያ የተረፈው ብዙ አይደለም። ዛሬ በሚኒባስ ነው የምሄደው። «ተጸጸትሽ ወይ?» ለምትሉኝ፣ ገንዘቡን ሳስብ ያመኛል። ቀበና ዳገት ላይ በሚኒባስ ሳልፍ ግን አያመኝም።

ለእናንተ የምለው

በመጀመሪያ፣ መኪናችሁ አንድ ነገር ስታደርግ ያያችሁትን እመኑ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሞተሯ የሞቀች መሆኗን ጻፉ። ከተቻለ አጠገባችሁ ያለ ሰው በስልክ ይቅረጽ። «አነዳድህ ነው» የሚላችሁ ካለ «እሺ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ስጠኝ» በሉት። አብዛኛው ያኔ ምላሱ ይታሰራል።

ሁለተኛ፣ ጋራዥ በገባችሁ ቁጥር ያመለከታችሁት ችግር የሥራ ትዕዛዙ ላይ በእናንተው ቃል መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ። «ለምርመራ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ከወር በኋላ ችግሩ ያልነበረ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትጩኹ። ያችኑ ሞዴል የሚነዳ ሰው ነዳጅ ማደያ ላይ ስታዩ ጠይቁት። አንድ ሰው «ነጭናጫ» ይባላል። አሥራ አንድ ሰው ግን ጉዳይ ይሆናል። ወኪሉ ካልሰማ ለንግድ ቢሮ አቤት በሉ፤ ግልባጭና ማህተም አይረሳ።

አራተኛ፣ ያገለገለ መኪና የያዛችሁ ይህን ስሙ። «ታካታ» የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች የሚነፉበት ኬሚካል በዕድሜ፣ በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ፣ በግጭት ጊዜ የብረት ቀፎውን ፈነጣጥሮ ስብርባሪውን ወደ ሰው ይተፋል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ኩባንያው የፍተሻ ውጤት አጭበርብሮ ማቅረቡን በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍርድ ቤት አምኖ፣ በዚያው ዓመት ከስሯል። በዚህ ሰበብ በዓለም ዙሪያ ተመልሰው ከተጠሩት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ መኪኖች መካከል የእኛን ጎዳና የሞሉት ቪትዝና ኮሮላ አንዳንድ ዓመተ ምርቶቻቸው ይገኙበታል። የጥሪው ደብዳቤ ግን የሚደርሰው ጃፓን ወይም ዱባይ ለነበረው ባለቤት ነው፤ ቀጨኔ ላለው ሦስተኛ ባለቤት ማን ይጽፍለታል? ስለዚህ ሊብሬያችሁ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ወስዳችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈትሹ። ጃፓኖቹም አሜሪካኖቹም በቁጥር መፈተሻ አላቸው፤ ነጻ ነው። ሳይሠራ የመጣ ከሆነ የማርኩን ወኪል በጽሑፍ ጠይቁ።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ስትሸጡ ተናገሩ። ገንዘብ እንደሚጎድልባችሁ አልክድም፤ እኔም ጎድሎብኛል። ግን ጉድለቷን እያወቁ መኪናን ለሰው ልጅ ማስረከብ፣ በሽታውን ደብቆ ሠርግ እንደ መደገስ ነው። ፈንድሻው የሚረገጠው ለአንድ ቀን ነው።

ፀባይና ጥፋትን ለይተን የምናይበት ዓይን፣ ለይተንም የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። ቸር እንሰንብት!